እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ ትመጣለች?

ሰነድ መተርጎምና የቪዛ ፎርም መሙላት ሥራዬ ካደረግሁት 19 ዓመት ሆነኝ። ቢሮዬ መጀመሪያ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ መገናኛ ዞርኩ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሰው ግን ያው ነው። ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፈውና «ይህ ይበቃል?» ይለኛል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሸንገን ቪዛን፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉትን የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚመለከቱ ስለሆኑ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ

«ሰላም ላንቺ ይሁን። የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። አባቴ ስላረፈ የእሱን ጡረታ ትቀበላለች። የራሷ ቤት አላት፤ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራይታለች። የሟች እህቴ ልጅም እሷ ጋ ነው የሚያድገው፤ 9 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ልትጎበኘኝ አመልክታ ተከለከለች። ምክንያቱ ‹ቪዛው ሳያበቃ ለመመለሷ ጥርጣሬ አለን› የሚል ነው። ለይግባኝ ስንነሣ ጊዜው አለፈን። ከማመልከቷ ከሳምንት በፊት ባንኳ ውስጥ ገንዘብ ይታይ ብዬ 400 ሺህ ብር ልኬላት ነበር። አሁን ለአራስነቴ እንድትደርስልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ‹ንግድ ፈቃድ እናውጣላትና ነጋዴ ናት እንበል› ብሎኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ

እህቴ፣ አስቀድሞ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። የንግድ ፈቃዱን ነገር እርግፍ አድርገሽ ተዪው። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ በገዛ እናቴ ስለደረሰ ነው።

በ2008 ዓ.ም. እናቴ ሮተርዳም ያለችውን ታናሽ እህቴን ልትጠይቅ አመለከተች። እኔ ያኔ አራስ ስለነበርኩ ፋይሉን ያዘጋጀላት ሌላ ሰው ነው። ጡረተኛ ከሆነች አይሰጧትም ብሎ እህል ነጋዴ አደረጋት። ንግድ ፈቃዱንም፣ ያን ሁሉ ብር የሚያሳየውን የባንክ ስቴትመንትም ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። መስኮቱ ጋ ስትቀርብ «ምን ዓይነት እህል ነው የሚነግዱት?» ተብላ ተጠየቀች። እናቴ 31 ዓመት ልጆች ያስተማረች ሴት ናት። «እኔ መምህርት ነኝ ልጄ፣ ነግጄ አላውቅም» አለች። ቤት ስትመጣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሌባ አስመሰላችሁኝ» አለችኝ። ያቺ ቃል እስካሁን አትለቀኝም።

በክልከላው ወረቀት ላይ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ሐሰተኛ ሰነድን የሚመለከተው ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሸንገን አገሮች በጋራ በሚጠቀሙበት «ቪስ» በሚባለው መዝገብ ውስጥ እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ሆላንድ የጻፈችውን ጀርመን ታየዋለች፤ ጀርመን የጻፈችውን ጣሊያን ታየዋለች።

በ2010 ዓ.ም. እናቴ እንደገና አመለከተች። ይኼኛውን ፋይል እኔ ነኝ የሠራሁት። ቀጭን ነበር። የጡረታ ደብተሯ፣ የቤት ካርታዋ፣ የእህቴ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእህቴ ፊርማ በማዘጋጃ ቤት የተረጋገጠበት የሆላንድ የግብዣ ፎርም፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የአውሮፕላን ቡኪንግ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እናቴ በእጇ የጻፈችው አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ከትርጉሙ ጋር። ስለ መጀመሪያው ማመልከቻ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ጻፈች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ከዚያ ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «የምመለሰው ጥቅምት ሳይገባ ነው። ጥቅምት 12 የባለቤቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። ድግሱም በእኔ ቤት ነው።» አሻራ ስትሰጥ ዕድሜ ያለሰለሳቸው ጣቶቿ እምቢ ብለው፣ ልጅቷ በጨርቅ እየጠረገች ሦስት ጊዜ ደጋገመቻት። ቪዛው ወጣ። 60 ቀን ሰጧት። በ52ኛው ቀን ተመለሰች፤ ተዝካሩም ተደገሰ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

ስለ 400 ሺህ ብሩ። ስቴትመንት የሚያነብ ሰው ዓይኑን የሚጥለው የመጨረሻው ድምር ላይ ብቻ አይደለም። የገንዘቡን አካሄድ ያያል። ወር በወር ጡረታ በሚገባበት ሒሳብ ውስጥ በአንድ ቀን 400 ሺህ ብር ዱብ ሲል፣ በሳምንቱ ደግሞ ማመልከቻ ሲገባ፣ ብሩ ለማሳያ የተቀመጠ ይመስላል። እቁብ የደረሰው ደንበኛዬን እንኳ ከእቁቡ ጸሐፊ ደብዳቤ አምጥቶ እንዲያያይዝ ነው የማደርገው። የእናትሽ ሒሳብ ጡረታዋንና የኪራይ ገቢዋን ያሳይ። ትንሽ ከሆነም ትንሽ ይሁን። ያንቺ ገንዘብ በስምሽ ይቅረብ።

ለዚህ ጀርመን ራሷ ያዘጋጀችው መንገድ አለ። በምትኖሪበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደሽ «ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚባለውን የኃላፊነት ሰነድ ትፈርሚያለሽ። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። የደመወዝ ወረቀትሽንና የቤት ኪራይ ውልሽን ያያሉ። መፈረም ማለት የእናትሽን ኑሮ፣ ሕክምናና፣ ነገር ከመጣም የመመለሻዋን ወጪ እኔ እችላለሁ ማለት ነው። ቀላል ፊርማ ስላልሆነ ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሩበት። ከፈረምሽ በኋላ ዋናውን ሰነድ ላኪላት። ኮፒው ወይም በቴሌግራም የተላከው ፎቶ አይበቃም።

እናትሽ የተከለከለችበት ምክንያት ግን ብር ማነስ አይደለም። የመመለሷ ጉዳይ ነው። በደብዳቤሽ ላይ ደግሞ መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል፦ ቤቷ፣ ተከራዮቿ፣ ከሁሉም በላይ የልጅ ልጇ። የ9 ዓመት ልጅ እሷን እየጠበቀ ቤት ውስጥ አለ። ባለፈው ዓመት ፋይሏ ውስጥ ይህ ልጅ ነበረ? ካልነበረ ትልቁ ጉድለት እሱ ነው። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእህትሽ የሞት ምስክር ወረቀት፣ እናትሽ አሳዳጊው መሆኗን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወይም የቀበሌ ወረቀት፣ ከትምህርት ቤቱ ወላጅ ተብላ የምትጠራው እሷ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ አሰባስቡ። እሷ በሌለችበት ልጁ ማን ጋ እንደሚቆይም ይጻፍ። ካርታው፣ የኪራይ ውሎቹ፣ የግብር ደረሰኙ ይግቡ። የእድር ደብዳቤ ይጠቅማል ወይ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ብቻውን ቪዛ አያስገኝም። እኔ ግን ሁልጊዜ አስገባዋለሁ፤ 20 ዓመት እድር የከፈለች ሴት አገሯ ላይ ሥር እንዳላት ያሳያል።

ደብዳቤውን እሷው ትጻፈው። መጻፍ ከከበዳት እየተናገረች ይጻፍላትና ትፈርምበት። ለምን እንደምትሄድ በግልጽ ይባል፦ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ አራስ ልጠይቅ ነው። ይህ ንጹሕ ምክንያት ነው፤ ቱሪስት ማስመሰል አያስፈልግም። አንቺም የመውለጃ ቀንሽ የተጻፈበትን የሙተርፓስሽን (የእርግዝና መከታተያ ደብተርሽን) ገጽ ኮፒ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን ኮፒና የግብዣ ደብዳቤ ላኪ። የእናትና ልጅ መሆናችሁን የሚያሳየው ደግሞ ያንቺ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የእናትሽ ስም በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው መጻፉን ዛሬውኑ አይተሽ አረጋግጪ።

አሁን ጊዜው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ሌላው ዓለም 15 ቀን ሲጠብቅ እኛ ኢትዮጵያውያን 45 ቀን ነው የምንጠብቀው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቿን መልሳ በመቀበል በኩል አልተባበረችም ብሎ የወሰነው ነው። በዚሁ ውሳኔ የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛም ቀረብን፤ ለአንድ መግቢያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሰነድ በመቀነስ በኩል ይደረግ የነበረው ማቅለልም ቆሟል። ጡረታ የምትቀበል እናት በማታውቀው ጉዳይ ይህን ያህል መጠበቋ ያሳዝነኛል። ደንቡ ግን ይህ ነው፤ ቀኑን ስትቆጥሪ 45ቱን ቁጠሪ። ቀጠሮ እስኪገኝ የሚፈጀው ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራል። አንቺ አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት አስይዙ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለኛ ሰው ካልሆነ ለማንም የማይታየው። ቪዛው ቢበዛ የሚፈቅደው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ወንድ ከወለድሽ ክርስትናው በ40 ቀን፣ ሴት ከወለድሽ በ80 ቀን ነው። እናትሽ ከመውለጃሽ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትደርስና ሴት ብትወልጂ፣ ክርስትናውን ሳታይ ቀኗ ያልቃል። ምጥ ደግሞ በቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ ሴት መሆኗን ካወቅሽ፣ እናትሽ ከመውለጃ ቀንሽ ሦስት አራት ቀን አስቀድማ ብትገባ ወይም ከወለድሽ በኋላ ብትመጣ ይሻላል። የገባችበትም የወጣችበትም ቀን ይቆጠራል። «ለክርስትናው ትንሽ ይራዘምልን» ብሎ መለመን አይሠራም። ማራዘሚያ የሚሰጠው እንደ ከባድ ሕመም ላለ ችግር ነው።

ቪዛው ሲወጣ ስቲከሩን በደንብ አንብቡት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉበት። አንደኛው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚለው ነው፤ በዚያ መካከል መግባትና መውጣት ትችላለች። ሁለተኛው የቀኖቹ ቁጥር ነው። ከቀን እስከ ቀን ያለው ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላል፤ ለመጠባበቂያ 15 ቀን ይጨመርበታል። እነዚያ 15 ቀኖች ግን መቆያ አይደሉም። ቁጥሩ 75 ከሆነ 75 ነው። በዚህ የተሳሳቱ ጥሩ ጥሩ ሰዎች አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ «ኢ ኢ ኤስ» የሚባል አሠራር ገብቷል። መግባትና መውጣትን በፓስፖርት ማኅተም ፈንታ በኮምፒውተር ይመዘግባል፤ ፊትንም ፎቶ ያነሣል። ያለፈውን ቀን ራሱ ይቆጥረዋል።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ፓስፖርቷ ከጀርመን ከምትወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን፣ ለሸንገን አገሮች በሙሉና ለቆይታዋ ሙሉ ቀን የሚሠራ መሆን አለበት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባት ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ የቆየ በሽታን ስለማይሸፍን መድኃኒቷን ከነማዘዣው በበቂ ትያዝ። የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ትኬቱን ቪዛው ሳይወጣ አትቁረጡ፤ ቡኪንግ ይበቃል።

እግዚአብሔር አያድርገውና እንደገና ቢከለክሏት፣ ጀርመን በኤምባሲ በኩል ይደረግ የነበረውን ነጻ የቅሬታ መንገድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አስቀርታዋለች። አሁን ያለው በአንድ ወር ውስጥ በርሊን በሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም የጎደለውን አሟልቶ አዲስ ማመልከት ነው። ለእናትሽ ዓይነት ጉዳይ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የጉዞው ቀን የግብዣው ደብዳቤ፣ የኢንሹራንሱና የኃላፊነት ሰነዱ ኮፒ፣ የመመለሻ ትኬቷ በእጅ ቦርሳዋ ይሁኑ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። ቪዛ ያለውንም ሰው የድንበር ፖሊስ ወዴት ነው፣ ለስንት ቀን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተዋጠለት የመመለስ ሥልጣን አለው። በአንድ ወረቀት ላይ በጀርመንኛ «ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ብለሽ፣ ስምሽን፣ አድራሻሽንና ስልክሽን ጻፊላት። የኔ እናት ያንን ወረቀት አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ነበር። ፖሊሱ ሲጠይቃት መቀነቷን ስትፈታ በትዕግሥት ጠበቃት አለችን።

ጥያቄ

«ከባለቤቴ ጋር ለጉብኝት ወደ ጣሊያን ልናመለክት ነው። ስሜ ፀሐይ ነው። በፓስፖርቴ፣ በጋብቻ ምስክር ወረቀታችንና በመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ላይ በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ሆኖ ነው የተጻፈው። ደግሞ የባለቤቴን ስም ስለማልጠራበት ባልና ሚስት አይደሉም እንዳይሉን ፈራሁ። — ከሐዋሳ»

መልስ

ፀሐይዬ፣ ይህ የየዕለት ራስ ምታታችን ነው። አንዱ በ«ቲ»ና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ፣ ሦስተኛው መጨረሻው ላይ «ኢ» ይጨምርበታል። ለኛ ሁሉም ፀሐይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ሦስት ሴቶች ናችሁ። መነሻው ፓስፖርትሽ ነው። የመሥሪያ ቤትሽን ደብዳቤ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንደገና አስጽፊ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጋብቻውን ወረቀት ሲተረጎምልሽ ተርጓሚው ፓስፖርትሽን ፊቱ አስቀምጦ ይተርጉም። ዋናው ሰነድ ራሱ በእንግሊዝኛ ከተሳሳተ ግን ወደ ወሳኝ ኩነት ሄዶ ማሳረም ነው። አሰልቺ ቢሆንም ለሌላም ጉዳይ ይጠቅምሻል።

ስለ ስሙ አትፍሪ። ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ፓስፖርትሽ ላይ በዚያው ርእስ ሥር ያለውን ገልብጪ። በሽፋን ደብዳቤሽ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሪ፦ በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ሚስትም ስትጋባ ስሟን አትለውጥም። የጋብቻው ምስክር ወረቀት ሌላውን ይናገራል።

ከስሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቀኑ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። ፈቃዱ ግን «ከ1/11/2017 እስከ 30/11/2017» ይላል። ጸሐፊዋ ሐምሌን ማለቷ ነው። የፈረንጅ ዓይን ግን ከስምንት ዓመት በፊት የነበረ ኅዳር አድርጎ ያነበዋል፤ ያውም ኖቬምበር። ትክክለኛው ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ቀን 2025 ነበር። እዚያው ቁጭ ብሎ ለጸሐፊዋ ደወለላት፤ በማግሥቱ ታረመ። አንቺም እያንዳንዷን ወረቀት ቀን ቀኗን እያየሽ አገላብጪያት። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍ።

ጥያቄ

«ሪያድ ነው የምሠራው። ኢቃማዬ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዴ) የታደሰ ነው። ሚላኖ ያለ ወንድሜን ለማየት ማመልከት ያለብኝ አዲስ አበባ ሄጄ ነው?»

መልስ

አይደለም እህቴ። በሕጋዊ መንገድ በምትኖሪበት አገር ነው የምታመለክቺው፤ ስለዚህ እዚያው ሪያድ ይሆናል። ኢቃማሽ ከጉዞው መልስ በኋላም ለሦስት ወር ያህል የሚቆይ ይሁን። የአሠሪሽ የፈቃድ ደብዳቤና ወደ ሳዑዲ የሚመልስሽ የመውጫና መግቢያ ቪዛ ያስፈልጉሻል። ያ ሳይኖር ከሚላኖ ወዴት ትመለሻለሽ የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። የ45 ቀኑ ነገር የሚታየው በፓስፖርትሽ ስለሆነ አንቺም ዘንድ አለ።

ጥያቄ

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። 71 ዓመቴ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ናት። ሮምንና ፓሪስን፣ ከተቻለም ለንደንን አይተን በፍራንክፈርት በኩል አዲስ አበባ ልንገባ አስበናል። ግሪን ካርዴ ይበቃኛል ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

መልስ

ጋሼ፣ እንዲህ ብለው የነገሩዎት ሰዎች ተሳስተዋል። ግሪን ካርድ ሸንገን አገር አያስገባም። ባለቤትዎ በአሜሪካ ፓስፖርታቸው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ እርስዎ ግን ቪዛ ያስፈልግዎታል። የሚያመለክቱትም እዚያው አሜሪካ ነው። ረዘም ያለ ቀን የሚያድሩት ሮም ከሆነ ለጣሊያን ያመለክታሉ። ሮምም ፓሪስም እኩል ቀን ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ነው። ቪዛ ይሰጣል የሚባልበትን አገር መርጦ አመልክቶ ሌላ አገር መክረም ድንበር ላይ ጣጣ ያመጣል።

ለንደን ሌላ ነው። ብሪታንያ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የሚሰጥዎት ቪዛ ለአንድ መግቢያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለንደንን በሮምና በፓሪስ መካከል አያስገቡ። ወደ ለንደን ከወጡ በኋላ ፓሪስ አያስገቡዎትም። ለንደንን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ያድርጉት።

ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን መቀየሩ አያስጨንቅዎት። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፉ ከኤርፖርት ባይወጡ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃሉ። ግሪን ካርድ የያዘ ወይም የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ አይደለም። ርካሽ ትኬት አግኝተው በአውሮፓ በኩል ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ሲሉ ቦሌ ላይ የሚመለሱ ልጆች አሉ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምታርፉበትን ከተማ እዩ።

ጥያቄ

«ልጄ ቪየና ወልዳለች፤ ቪዛዬ ወጥቷል፣ ተመስገን። የገንፎ ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ይዤ ልሂድ ብል ጎረቤቴ ይወስዱብሻል አለችኝ። ያለ ቅቤ አራስ እንዴት ትጠየቃለች?»

መልስ

እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ጎረቤትዎ እውነቷን ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይችልም። ቅቤው የተነጠረ ቢሆንም ያው ቅቤ ነው። ቋንጣውም፣ አይቡም፣ በብልቃጥ የታሸገው ዶሮ ወጥም እንደዚያው። ያገኙብዎ እንደሆነ ይጥሉታል፤ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። ስንት ደክመውበት የነጠሩት ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ ሲወድቅ ማየት ልብ ይሰብራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅቤው እዚያው ይገዛ። ጨው የሌለበትን የፈረንጅ ቅቤ ልጅዎ አራት አምስት ፍሬ ገዝታ ትጠብቅዎት። እርስዎ ቅመሙን ብቻ ይያዙ፦ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉም ደርቆና ተፈጭቶ። ቪየና ኩሽና ውስጥ ያነጥሩታል። ሽታው እንደ አገር ቤቱ ባይሆንም ብዙ አይርቅም፤ እህቴ ቤት እናቴ እንዲሁ ነው ያደረገችው። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም፤ ሽሮው ቅቤ ያልገባበት ይሁን እንጂ። እያንዳንዱን ለብቻው አሽገው ስሙን በእንግሊዝኛ ያስጽፉበት። ዱቄት ነጭ ላስቲክ ውስጥ ያለ ስም ሲገኝ ፖሊሱ ይጠረጥራል፤ ልክ ነው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ጎረቤት «ለልጄ አድርሺልኝ» ብሎ የታሸገ ነገር ቢሰጥዎት ፊትዎ ይከፈት፤ ጫት ኦስትሪያም ጀርመንም ወንጀል ነው። ለልጅ ልጅዎ ከዘመድ የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ 10 ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ ሲገቡ ለጉምሩክ ይነገራል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዝም ብለው ይለፉ።

የገንፎ ማማሰያዎን ግን ይያዙት። እንጨቱ የተላገ፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ዋናው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፤ በእጅ ቦርሳ ከሆነ ቦሌ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ።